ለነርሲንግ የምትዘጋጁ ልጆች፣ ፍሬሽማኑን አትዝለሉት

ሰሞኑን አንዲት የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት) ተማሪ «ሲስተር፣ እኔ የምፈልገው ነርሲንግ ነው። ሂሳብና ኬሚስትሪ ላይ ማለፊያ ካመጣሁ አይበቃኝም? በሽተኛ ፊት ቆሜ ኢኩዌሽን አልፈታ!» አለችኝ። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ያልገባትን ፊት ለፊት ትጠይቃለች። ተመሳሳይ ጥያቄ በሆዳችሁ የያዛችሁ ብዙ ስለሆናችሁ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው። ጥያቄዋ ደግሞ ነርስ ሳይሆን የቀረ አንድ ልጅ አስታወሰኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐረር ላይ ለአታችመንት (ለሆስፒታል ልምምድ) ከወጡ ተማሪዎች አንዱ ነበር። እጁ ለሥራው የተፈጠረ ነው። ሌላው ደጋግሞ ወግቶ የሚያጣውን ደም ሥር እሱ በጣቱ ዳብሶ ያገኘዋል። ከባቢሌ የመጣችውን እናት በኦሮምኛ፣ ከጅግጅጋ መስመር የመጡትን አዛውንት በሶማልኛ ያነጋግራል። በእኛ አካባቢ ቋንቋ የነርስ ግማሽ ሙያ ነው፤ ትራንስክሪፕት ላይ ግን አይጻፍም። በሽተኞች «ያ ልጅ ይምጣልን» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቅማጥ ላዳከመው ጎልማሳ 1 ሊትር ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ። ልጁ ቀመሩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሚሊ ሊትሩ በሴቱ፣ ማለትም ፈሳሹን በሚያወርደው ቱቦ፣ የጠብታ ቁጥር (1 ሚሊ ሊትር በሚሞላው ጠብታ ብዛት) ይባዛል፣ ለደቂቃው ይካፈላል። 1000 ሲባዛ በ20 (የተለመደው ሴት ቁጥር)፣ ሲካፈል ለ480፣ 41.7 ይመጣል፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ማለት ነው። ሰዓቱን አይቶ ቆጠረ፣ የጠብታውን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ሮለር አስተካከለ፣ ቻርቱ ላይ ጽፎ ወጣ። ሳያነበው የቀረው የሴቱን ማሸጊያ ነው። የዚያን ቀን ከስቶር የወጣው የሕፃናት ሴት ነበር፤ በእሱ 1 ሚሊ ሊትር የሚሞላው 60 ጠብታ ነው። ስለዚህ 42 ጠብታ ማለት በሰዓት 42 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በ8 ሰዓት ያልቃል የተባለው ፈሳሽ 24 ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ነው።

የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ስትገባ ከከረጢቱ ሩቡ እንኳ አልወረደም። ሰውየው አፉ ደርቋል፣ የልብ ምቱ ፈጥኗል፣ ከቀትር ጀምሮ አልሸናም። ሴቱ ተቀየረ፣ የጎደለው ፈሳሽ ተተካ፣ በማግስቱ ተነሥቶ ተቀመጠ። በሽተኛው ዳነ። ልጁን ግን መመለስ አልተቻለም። ጠዋት ራውንድ ላይ ስሌቱን በወረቀት ድገመው ሲባል እጁ ተንቀጠቀጠ። 20 የምትለዋ ቁጥር ከየት እንደመጣች አያውቅም፤ የቀመሩ ቋሚ አካል ትመስለው ነበር። ነገሩ የሰባተኛ ክፍል ሬሾ ነው። የፍሬሽማን ሂሳብን በጓደኞቹ ወርክሺት ተደግፎ በሲ ማይነስ አልፎታል። መሠረቱ ቢኖረው ኖሮ በሁለት መስመር አርሞ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ ወጣ። አሁን ድሬዳዋ አሸዋ ገበያ ልብስ ይሸጣል። ንግድ የተከበረ ሥራ ነው፤ ያ እጅ ግን ለሌላ ነገር ነበር።

ሂሳቡን የምትፈልጉት ለዚህ ነው። ከፋርማሲ ባለ 20 እና ባለ 60 ጠብታ ሴት ግዙ። ውኃ ሞልታችሁ ስቀሉና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ውስጥ እስከ 1 ሚሊ ሊትር ድረስ እያንጠባጠባችሁ ቁጠሩ። አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ቀመሩን መሸምደድ አያስፈልገውም። በባለ 60 ሴት የደቂቃው ጠብታና የሰዓቱ ሚሊ ሊትር ለምን እኩል እንደሚሆኑም ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ፈሳሹ ከማነሱ ባልተናነሰ መብዛቱም ይጎዳል። ዴንጌ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ከተረጋገጠ ወዲህ ለዚህ ከተማ ነርስ እንግዳ አይደለም። የማስጠንቀቂያ ምልክት ለታየበት በሽተኛ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በመጀመሪያዎቹ ከ1 እስከ 2 ሰዓታት በኪሎ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር በሰዓት ይላል። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኪሎ 6 ቢታዘዝለት በሰዓት 300 ሚሊ ሊትር፣ በባለ 20 ሴት በደቂቃ 100 ጠብታ ይሆናል። ከዚያ በየደረጃው ይቀነሳል። መቀነሱን የረሳ ሰው በሽተኛው ሳንባ ውስጥ ውኃ ያጠራቅማል።

ኬሚስትሪውም እንዲሁ ነው። ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ በሪንገር አይበጠበጥም፤ ሪንገር ውስጥ ያለው ካልሲየም ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል፤ አራስ ሕፃናትን ገድሏል። ላብ ሪፖርታችሁ ላይ ፕረሲፒቴት ብላችሁ የጻፋችሁት ይኸው ነው። ባለ 40 በመቶ ግሉኮስ 20 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም ስኳር አለ? 8 ግራም ለማለት ወረቀት የሚፈልግ ተማሪ ገና አልተዘጋጀም። ኖርማል ሳላይን በሊትር 9 ግራም ጨው የያዘው፣ ንጹሕ ውኃ በደም ሥር ቢሰጥ ደግሞ ቀይ የደም ሴል አብጦ የሚፈነዳው ለምን እንደሆነ ባዮሎጂው ኦስሞሲስ ሥር ያስተምራችኋል። ፊዚክስን በአንድ ቃል ልለፈው፤ ከረጢቱ ከበሽተኛው ልብ ከፍ ብሎ ካልተሰቀለ ደም ወደ መስመሩ ይመለሳል።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ዘመን ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፤ ደስ ይለኛል። ግን ቴሌግራም ላይ የሚዞር የአምና ፈተና ሸምድዶ መግባት ጥናት አይደለም። በርጫ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የተነበበም ፈተና ክፍል ሲገቡ አይገኝም፤ ይህን ብትቆጡኝም አልተወውም።

ግሬድ ዋናው ነገር አይደለም ማለቴ መስሏችሁ ከሆነ፣ ግሬድ ካልመጣ ደግሞ ነርሲንግ አይገኝም። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ዲፓርትመንት ምርጫ ላይ ሲጂፒኤ (የሁሉም ኮርስ ውጤት አማካይ) ትልቅ ድርሻ አለው። ስሌቱን እወቁት። በጠቅላላ 30 ክሬዲት ከወሰዳችሁ፣ ባለ 3 ክሬዲት ኬሚስትሪ ላይ ኤ ማምጣት 12 ነጥብ፣ ሲ ማምጣት 6 ነጥብ ነው፤ ልዩነቱ ለ30 ሲካፈል 0.2። ነርሲንግ የሚገባውንና የማይገባውን ለመለየት ይህ ይበቃል። ላብ ሪፖርት ባለማስገባት «አይ» (ኢንኮምፕሊት፣ ያልተሟላ) የተጻፈበት ኮርስ ካለ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ መምህሩን አግኙ። ዲ ወይም ኤፍ የመጣበትን መድገም የምትችሉት መቼ እንደሆነ ሬጅስትራር ጠይቁ፤ ጓደኛ የነገራችሁን አትያዙ።

የግል ኮሌጅ የምትገቡ ከሆነ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የዕውቅና ፈቃዱን እዩ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ለካምፓሱ፣ ለትምህርት ዘርፉና ለደረጃውም ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ፈቃድ ስላለው የድሬዳዋው አለው ማለት አይደለም። ነርሲንግ፣ ዲግሪ፣ ድሬዳዋ የሚሉት ሦስቱም መጻፋቸውን፣ የሚያበቃበት ቀንም አለማለፉን ተመልከቱ።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ «መጥተሽ እዚሁ ትማሪያለሽ» ትባላላችሁ። እዚያ ብዙ ኮሌጆች ነርሲንግ ከማመልከት በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ በሁለት ክፍል፣ ማይክሮባዮሎጂ ከነላቡ፣ ሳይኮሎጂና እንግሊዝኛ፣ ብዙ ጊዜም ስታትስቲክስ ይጠይቃሉ። ከሲ በታች አይቀበሉም፤ የሳይንስ ኮርሱ 5 ወይም 7 ዓመት ካለፈው እንደገና ውሰዱ የሚሉ አሉ። እዚህ የወሰዳችሁት እንዲታሰብላችሁ ትራንስክሪፕት ብቻውን አይበቃም፤ ይዘቱን፣ የሰዓት ብዛቱንና ላብ እንዳለው የሚያሳይ የኮርስ መግለጫ ያስፈልጋል። ያንን ወረቀት ከዲፓርትመንቱ ማኅተም አስደርጋችሁ ግቢውን ከመልቀቃችሁ በፊት ውሰዱ፤ ባሕር ማዶ ሆኖ ማስፈለግ ወራት ይፈጃል።