ቤቱ ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ? ጥያቄና መልስ

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩባቸው የእንክብካቤ ቤቶች 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ በተንከባካቢነት፣ ኋላ በፈረቃ ኃላፊነት። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከመጡት መካከል እነዚህን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 24 ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድረም አለባት። አንድ ቤት ልናይላት ነው። ምን ምኑን ልይ?

ቢሮው ውስጥ ብዙ አይቀመጡ። ቀጥታ ወጥ ቤት ይግቡ። ከነዋሪዎቹ አንዱ ሰሃን እያጠበ ወይም አትክልት እየከተፈ ነው? ወይስ ሁሉም ተቀምጠው ምግብ እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ? ማቀዝቀዣው ተቆልፎ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ፕራደር ዊሊ ሲንድረም ያለበት ሰው ጥጋብ አይሰማውምና መቆለፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ግን በአንድ ሰው ምክንያት ሌሎቹም ውኃ ለመጠጣት ፈቃድ የሚለምኑ ከሆነ ልክ አይደለም።

ከዚያ አስጎብኚውን ይከታተሉት። መኝታ ቤት ሲደርስ በር ያንኳኳል ወይስ በርግዶ ይገባል? እኔ ይቺን አንዷን ነገር አይቼ ስለ ቤቱ ብዙ አውቃለሁ። የመኝታ ሰዓትም ይጠይቁ። «ሁሉም ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይተኛሉ» ካሏችሁ፣ ሰዓቱን የመረጡት ነዋሪዎቹ አይደሉም፤ የፈረቃ ቅያሪው ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ስንት ሠራተኛ እንደለቀቀም ይጠይቁ። ገላዋን ስትታጠብ የሚያግዛት ሰው በየወሩ የሚቀያየር ከሆነ ልጅዎ ማንን ትመን?

ሁለተኛውን ጉብኝት ሳይናገሩ፣ እሁድ ከሰዓት ያድርጉት። ኃላፊዎቹ ስለማይኖሩ የቤቱን እውነተኛ መልክ ያያሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ያለበት ቤት ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ደግ ናቸው። ግን ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ነው የማገኘው። ማማረር ይገባኛል?

ይገባዎታል። ንጹሕ ቤት ውስጥም የሰው ዕድሜ ይባክናል። «እሱ እኮ ምንም አይችልም» የሚል መልስ ከሰጡዎት አይቀበሉ። ሥራውን ቆራርሶ ማካፈል ነው። ልብስ ማጠብን እንውሰድ፦ ማሽኑን መሙላት ባይችል ሳሙናውን ይጨምራል፤ ያንን ባይችል ማስነሻውን ይጫናል፤ እሱም ካቃተው እጁን ደግፎ ማስጫን ይቻላል። ሥራው በ5 ደቂቃ ፈንታ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ይፍጅ! ወንድምዎ ለሌላ ነገር የሚሮጥበት ቀጠሮ የለውም። ይህ አሠራር ንቁ ድጋፍ ይባላል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ቤት ሁሌም ከትልቅ ይሻላል?

ብዙውን ጊዜ አዎ፣ ግን ትንሽነቱ ብቻውን አይበቃም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጂም ማንሰልና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሠራተኛው አሠራሩን ካልለወጠ፣ አምስት ሰው የሚኖርበት ቤትም ያው ብዙ ሰው በአንድ ላይ ይያዝበት እንደነበረው የድሮ ተቋም ይሆናል። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 19 ላይ፣ ሰው የትና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ ዕድል ሊኖረው ይገባል ይላል። አብረውት የሚኖሩትን ማን እንደመረጠለት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ አይናገርም። በቅርቡ ፊቱን መምታት ጀመረ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ጀመሩለት። አሁን ያንቀላፋል። ምን ላድርግ?

እኛም ጋ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ግራ ጉንጩን በቡጢ ይመታል። መድኃኒት ተጨመረለት፣ ፈዞ ዋለ። ማታ ማታ ጥርሱን የምታጥብለት ባልደረባዬ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ብሩሹ ወደ ኋላ፣ በግራ በኩል ሲደርስ ፊቱን ያዞራል። ለካስ መንጋጋው ሥር መግል ቋጥሮ ነበር። ጥርሱ ተነቀለ፣ በሳምንቱ መምታቱን ተወ። እስከዚያ ድረስ ለሰባት ሳምንት «ያመኛል» ሲለን አልሰማነውም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሕመም ይፈለግ፦ ጥርስ፣ ጆሮ፣ ቃር፣ የሆድ ድርቀት። ድርቀትን እንዳትንቁት፤ እነዚህን ሰዎች እስከ ሞት ያደርሳል። ከዚያ ሐኪሙን ይጠይቁ፦ መድኃኒቱ ለየትኛው በሽታ ነው? መቼ ይገመገማል? መቼስ ይቆማል? እንግሊዝ ውስጥ በ2015 በወጣ ግምት፣ ከ30,000 እስከ 35,000 የሚሆኑ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች በቂ የሕክምና ምክንያት ሳይኖር የሚያረጋጋ ወይም የድብርት መድኃኒት፣ አልያም ሁለቱንም ይወስዱ ነበር። ግን በራስዎ አያቋርጡት፤ በድንገት ማቆም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ እህቴ 47 ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድረም አለባት። እየረሳች ነው። «ተፈጥሮዋ ነው» ይሉኛል።

አይደለም። ታይሮይዷ (የአንገቷ ዕጢ)፣ ጆሮዋና ዓይኗ ይመርመሩ፤ ሦስቱም ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታም ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች ላይ ቀደም ብሎ ይመጣል። እሱም ቢሆን ምርመራና ዝግጅት ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ እኔ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ሆነን ዘጠኝ ሰው እንይዛለን። የሚሉት ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል።

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ሁለት ሰው አይበቃም፣ ይህንንም ለኃላፊሽ በጽሑፍ አሳውቂ። እስከዚያ በቀን አንድ ሰው ምረጪና አንድ ሥራ አብራችሁ ሥሩ። የፈረቃ መዝገቡ ላይ «በልቷል፣ ታጥቧል፣ ተኝቷል» ብቻ አትጻፊ። ምን እንደሠራና ምን እንዳሳቀው ጻፊ። ማጉረስ ላይ ግን በፍጹም አትቸኩዪ። ትንታ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚያ ቤት በደል ቢደርስበት በምን አውቃለሁ?

በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ዊንተርበርን ቪው በተባለ የግል ሆስፒታል፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚፈጸመውን ድብደባ ያጋለጠው የቢቢሲ ድብቅ ካሜራ ነው። 11 ሠራተኞች ተፈረደባቸው። አንድ ነርስ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፣ ሰሚ አጣ እንጂ። እና ደጋግማችሁ፣ በተለያየ ሰዓት ሂዱ። የበለዘ ቦታ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን መዝግቡ። አንድን ሠራተኛ ሲያይ የሚሸማቀቅ ከሆነ «ባህሪው ነው» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ።

ጥያቄ፦ 68 ዓመቴ ነው። ልጄን ቤት ባስገባው ጣልኩት ማለት ነው?

አይደለም እናቴ። አሁን፣ እርስዎ በሕይወት ሳሉ ይጀምሩት። መጀመሪያ ለምሳ ብቻ፣ ቀጥሎ ለአንድ ሌሊት፣ ከዚያ ለሳምንት። በእርስዎ ቀብር ማግስት የማያውቀው ቤት ቢገባ ሁለት ሐዘን ይሆንበታል። ይዞት የሚገባውንም አንድ ገጽ ይጻፉለት፦ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ውኃ ሲፈልግ የሚያሰማውን ድምፅ። ይህንን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅለት የለም።