ላይተሬ ለምን ፈነዳ? እና ሌሎች የድሬና የሐረር ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ላይተር ናቸው፣ ድሬ ሙቀቱ ሲብስ ሁሌም እንዲህ ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ ለሱ ሰጠነው።

ጥያቄ፦ ድሬ ነምበር ዋን አካባቢ ባጃጅ ነው የምሠራው። ከሰዓት ላይ ምሳ በልቼ ስመለስ ከፊት መስታወቱ ስር የተውኩት ላይተር ማንም ሳይነካው ጧ ብሎ ፈነዳ፣ ፕላስቲኩ እስከ ኋላ ወንበር ተበታተነ። እሳት ግን አልነበረም። ምን ሆኖ ነው? የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ውስጥ ተቀምጠህ አልሆነ። ላይተሩ የግድ ብልሽት ነበረበት ማለት አይደለም፣ የድሬ ፀሐይ ብቻውን ይበቃዋል። ውስጡ ውሃ መስሎ የሚታይህ ነገር ቡቴን ይባላል፣ ጋዝ ነው ግን ተጨምቆ ፈሳሽ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ በኛ አየር ክፍት ብትተወው ወዲያው ተንኖ ይጠፋል፣ ፈሳሽ አድርጎ የያዘው የፕላስቲኩ ግድግዳ ነው። በ25 ዲግሪ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጪው አየር ግፊት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው፣ 50 ዲግሪ ሲገባ ግን ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ድሬ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ጥላ ስር እንኳን 35 ዲግሪ የምታልፍ ከተማ ናት፣ ፀሐይ በመስታወት የሚመታው ዳሽቦርድ ላይማ 60 ቢደርስ አይገርምም። ላይተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽዬ ጽሁፍ ብታያት ከ50 ዲግሪ በላይ አታድርሱኝ ነው የምትለው፣ ማንም አያነባትም እንጂ።

ሌላም ነገር አለ። ፈሳሹ ራሱ ሲሞቅ ያብጣል፣ ፋብሪካ ሲሞላው ወደ 15 በመቶ ባዶ ቦታ የሚተወው ለዚህ ነው። እሱ ባዶ ቦታ ከሌለ ፈሳሹ የሚሄድበት ያጣና ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መንገድ ዳር በእጅ ጢም ተደርጎ የተሞላ ላይተር ከአዲሱ ይልቅ ያሰጋል።

እሳት ያልተነሳው አጠገቡ ብልጭታ ስላልነበረ ነው፣ እዚህ ጋ በጣም ጠንቀቅ በሉ። ቡቴን ከአየር ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ላይ ይተኛል። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ላይተር ከፈነዳ ወይም የጋዝ ሽታ ከመጣ በሮቹን ሁሉ ክፈቱና ራቁ፣ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ሲጋራ የሚባል ነገር አይለኮስ፣ ሞተርም አይነሳ። ላይተር ቦታው ኪስ ወይም ጥላ ያለበት መሳቢያ ነው፣ ያውም ልጅ የማይደርስበት።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸዋ በር ነው ቤቴ። ድሬ እህቴ ጋ ስወርድ አንዴ ጫን ሳደርገው ቦግ የሚለው ላይተር፣ እኔ ቤት ጠዋት ከሰል ላቀጣጥል ስል ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አይበራም። ያኛውን በአውራ ጣት የሚሽከረከረውን ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ ላይተርሽ ጤነኛ ነው፣ በርዶት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። ጠዋት ሐረር 10 ዲግሪ ሲሆን ቡቴኑ ወደ ውጪ የሚገፋበት ጉልበት በጣም ይቀንሳል፣ አፉ ላይ የሚወጣው ጋዝ ያንሳል፣ ብልጭታው ይዘላል ግን የሚያቀጣጥለው አያገኝም። እጅሽ ውስጥ ጨብጠሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቂውና ሞክሪው። ምድጃ አጠገብ ግን በፍጹም እንዳታሞቂው!

አሁን ስለ ሁለቱ ዓይነት። ያንቺ ቀጭ የሚለው ባትሪም ድንጋይም የለውም። ስትጫኚው ውስጡ ያለ ስፕሪንግ ይጨመቅና ትንሽ መዶሻ ይለቃል፣ መዶሻው አንድ ጠንካራ የሴራሚክ ቁራጭ ይመታል፣ ያ ቁራጭ ሲመታ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያመነጫል፣ ያ ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ መጥቶ የጋዙ አፍ ላይ ይዘላል። ይሄን ጠባይ ፒየርና ዣክ ኩሪ የሚባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1880 እ.ኤ.አ. ነው ያገኙት። አንድ ነገር እዪልኝ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆነሽ ጫን አድርጊውና አፉን ተመልከቺ። ከሽቦዋ ጫፍ ወደ ጋዙ አፍ የምትዘል ሰማያዊ ብልጭታ ካለች ችግሩ ጋዙ ነው። ብልጭታዋ ከሌለች ወይም ወደ ጎን ወደ ብረቱ ከዘለለች ሽቦዋ ተጣማለች ወይ ጥቀርሻ ይዟታል፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊያት።

የሚሽከረከረው ሌላ ነው። ጥርስ ያለው የብረት ጎማ ከስር በስፕሪንግ የተገፋች ድንጋይ ይፍቃል። ድንጋይ እንላታለን እንጂ ሴሪየም ከሚባል ብረትና ከሌሎች የተቀየጠች ናት፣ ኦስትሪያዊው ካርል አውወር ፎን ቬልስባክ ነው በ1903 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣባት። የተፋቀችው ብናኝ አየር ሲነካት ራሷ ትቀጣጠላለች፣ እሷ ናት ፍንጣሪዋ። ለሐረር ጠዋትና ለነፋስ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፣ ፍንጣሪው ብዙ ስለሆነ ትንሹንም ጋዝ አይስተውም። ድንጋዩ ግን ያልቃል፣ ከረጠበም እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር፣ ከሞተ በኋላ ክዳን ያለው የብረት ላይተር አገኘን። ከዚራ ያለ ጠጋኝ ጋ ወስጄ ጋዝ ሙላልኝ ብለው ቀዳዳ የለውም፣ ቤንዚን ጨምርበት አለኝ። ልጨምር?

መልስ፦ አቦ ተው፣ የመኪና ቤንዚን እንዳትጨምር! ነፍሱን ይማርና አያትህ የተዉልህ የጥጥ ላይተር ነው፣ ከነዚህ ታዋቂው ዚፖ ነው፣ አሜሪካ ብራድፎርድ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በ1932 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ብሌዝዴል ያቋቋመው። ጋዝ የለውም፣ ጥጥ ነው የተጠቀጠቀበት፣ ጥጡ ናፍታ የሚባል ንጹህ ቀላል ነዳጅ (የመኪናው ናፍጣ አይደለም) ይጠጣል፣ ክሩ ከጥጡ ወደ ላይ ይስበዋል። የመኪና ቤንዚን ብዙ ቅልቅል አለበት፣ ጭሱ ጥቀርሻ ነው፣ ሽታው ኪስህን አይለቅም፣ የሚተነው እንፋሎትም ለጤናም ለእሳትም አስጊ ነው። ለላይተር ተብሎ በትንሽ ጣሳ የሚሸጠውን ፈልግ።

ሆዱን ከብረት ልብሱ ወደ ላይ ሳበው፣ ከስር ፌልት የሚባል ለስላሳ ወፍራም ጨርቅ አለ፣ ጫፉን አንሳውና በሱ ስር ቀስ እያልክ አጠጣው፣ ጥጡ ሲርስ አቁም። እጅህን ታጠብ፣ የፈሰሰውን ጥረግ፣ ደርቆ ሽታው ከጠፋ በኋላ ብቻ ለኩስ። ከስር ያለችዋ ብሎን ስትፈታ ስፕሪንግ ይወጣል፣ ድንጋዩ እዚያ ነው የሚገባው። እወቀው ደግሞ፣ በድሬ ሙቀት ሳትለኩሰው እንኳን በጥቂት ቀን ይደርቃል፣ ክዳኑ እንፋሎቱን አጥብቆ አይዘጋም። ዚፖ ከሆነ ቂጡ ላይ ያለውን ምልክት እይ፣ ነጥብ ወይም ጭረት ካለው ከ1986 እ.ኤ.አ. አጋማሽ በፊት የተሠራ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ከኤ እስከ ኤል ባለ ፊደል ወራቸው ተጽፎባቸዋል። ልብሱን ቀለም እንዳታስቀባው በናትህ።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ የምማር ነኝ፣ ከክብሪትና ከላይተር የቱ ይቀድማል?

መልስ፦ ላይተር ይቀድማል። ጀርመናዊው ኬሚስት ዮሃን ቮልፍጋንግ ዶበራይነር በ1823 እ.ኤ.አ. ዚንክን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር አገናኝቶ ሃይድሮጅን አወጣ፣ ሃይድሮጅኑ ወንፊት የመሰለ ፕላቲነም ሲነካ ይቀጣጠል ነበር። ተፍቆ የሚነደው ክብሪት ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ግን የዶበራይነር ዕቃ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ እንጂ ኪስ የሚገባ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ታይዋን ገበያ ቻርጅ የሚደረግ ላይተር አየሁ፣ ይገዛል? አውሮፕላን ላይስ ይዤው እገባለሁ?

መልስ፦ ለሻማና ለወረቀት ጥሩ ነው፣ ነፋስ አያጠፋውም። ውስጡ ሊትየም ባትሪ አለ፣ ቮልቱን ከፍ አድርጎ በሁለት ሽቦዎች መሀል ሐምራዊ ብልጭታ ያስኬዳል። ክፍተቷ ጠባብ ስለሆነች ግን ከሰል አይገባባትም፣ እጣን ማጨሻ ላይ ከሰል ለማቀጣጠል ከፈለግህ ገንዘብህን አታውጣ፣ ሰማያዊ እሳት የሚተፋው ባለ ጀት የጋዝ ላይተር ይሻልሃል፣ እሱ ጋዙን ከአየር ጋር ቀድሞ ስለሚያቀላቅል ነው እንደዚያ የሚያፏጨው። ለአውሮፕላን ግን ባለ ጀቱን እቤት ተወው፣ ብዙ ቦታ አያሳልፉትም። በተለምዶ የሚፈቀደው አንድ ተራ ላይተር ኪስህ ውስጥ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም፣ የመሙያ ጋዝና የጥጥ ላይተር ነዳጅ በሻንጣም በእጅም ክልክል ነው። ባለ ቻርጁን ባትሪ ስላለው የምትሄድበትን አየር መንገድ ትኬት ስትቆርጥ ጠይቃቸው።