ጥያቄና መልስ፦ የሕክምና ሚሽን ወንጌልን በክኒን ይሸጣል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሰላምዎ ይብዛ። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚረዳ ዘ ሌፕረሲ ሚሽን የሚባል ክርስቲያናዊ ድርጅት አለ። ከደመወዜ ትንሽ ትንሽ እየቆረጥኩ ልረዳው አስቤ ነበር። ወንድሜ ‹እነዚህ የታመመ ሰው በመድኃኒት እያባበሉ ሃይማኖት የሚያስቀይሩ ናቸው› አለኝ። የጸሎት ጓደኛዬ ደግሞ ‹ወንጌል ካልሰበኩ ምኑን ሚሽን ሆኑት? ማከም የመንግሥት ሥራ ነው› አለችኝ። ሁለቱም ልክ መሰሉኝና ግራ ገባኝ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሳላዞር ልንገርሽ፤ ስጪ። ግን ሁለቱንም ዝም ብለሽ አትለፊያቸው።

ስለ ሕክምና ሚሽን በተጠየቅኩ ቁጥር የምሄደው ሉቃስ 17 ላይ ነው። አሥር ለምጻሞች ከሩቅ ቆመው ጮኹ፣ ጌታም አሥሩንም አነጻ። ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ሳምራዊ። ጌታ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠይቋል፤ አለመመለሳቸው ግድ ሰጥቶታል ማለት ነው። ፈውሳቸውን ግን አልነጠቃቸውም። ሳይመለሱም የዳኑ ናቸው። ሕክምናን ለማጥመጃ የሚጠቀም ሰው ካለ፣ ከጌታ ሳይሆን ከግያዝ ነው የተማረው። ግያዝን ታስታውሺዋለሽ፤ ነቢዩ ኤልሳዕ ከለምጹ ከነጻው ከንዕማን ምንም አልቀበልም ሲል፣ ከኋላ ሮጦ የፈውሱን ዋጋ የተቀበለው ሎሌ ነው (2ኛ ነገሥት 5)።

አሁን ወደ ድርጅቱ እንምጣ። የምጠራልሽ ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1869 ዌልስሊ ቤይሊ የሚባል አየርላንዳዊ ወጣት ሰሜን ሕንድ፣ ፑንጃብ፣ አምባላ ከተማ ውስጥ በሚሽን ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ሐኪም አይደለም። አንድ ቀን የሚሽኑ ባልደረባ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚኖሩባቸው ጎጆዎች ጋ ይዞት ሄደ፤ ያያቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ከልቡ አልወጡም። በ1874 ከባለቤቱ ከአሊስ ጋር ደብሊን ሲመለስ ያዩትን ለወዳጆቻቸው ተናገሩ። ፒም የሚባሉ እህትማማቾች በዓመት 30 ፓውንድ እናሰባስባለን ብለው ቃል ገቡ፤ የተሰበሰበው ከዚያ እጅግ በለጠ። ድርጅቱ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ወንድምሽ ልብ ይበልልኝ፤ ያኔ ለማባበያ የሚሆን መድኃኒት ራሱ አልነበረም። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን የበሽታውን ተህዋስ ያገኘው ገና በ1873 ነው፣ በደንብ የሚሠራ መድኃኒት የመጣው ደግሞ በ1940ዎቹ። ስለዚህ ሰባ ዓመት ያህል ሚሽኑ የሰጠው መጠለያ፣ ምግብና የቁስል እጥበት ነበር። ማንም ሊነካው የማይፈልገውን ሰው መንካት ነበር።

ቢሆንም የወንድምሽ ስጋት ከንቱ አይደለም። ቤተሰቡ ያባረረው፣ መሄጃ የሌለው ሰው አልጋውንም እንጀራውንም ከሰባኪ እጅ ሲያገኝ፣ «አመንኩ» ያለው ከልቡ ይሁን ከችግሩ በምን ይታወቃል? ሌላም አለ። በቀድሞዎቹ የሕሙማን መንደሮች ወንድና ሴት ተለያይተው ይኖሩ ነበር፣ ጤነኛ ልጆችም ከታመሙ ወላጆቻቸው ተነጥለው በሌላ ቤት ያድጉ ነበር። የተደረገው በሽታው እንዳይተላለፍ ተብሎ ነው፣ ክፋት አስበው አይመስለኝም። ልጇን የሰጠችው እናት ግን ያው እናት ናት። የሚሽን ታሪክ ስናወራ ይህን መዝለል አይገባንም።

ለጓደኛሽ ደግሞ ስለ ዶክተር ፖል ብራንድ ንገሪያት። ከሚሲዮናውያን ወላጆች ሕንድ ውስጥ የተወለደ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ ከዚሁ ሚሽን ጋርም በቅርብ ሠርቷል። በ1946 ቬሎር በሚገኘው ክርስቲያን የሕክምና ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። ሰው ሁሉ «ሥጋ ደዌ ጣት ይበላል» ሲል እሱ አልተዋጠለትም። ቀርቦ ሲመረምር በሽታው የሚጎዳው ነርቭን ነው። ነርቭ ከሞተ ሕመም የለም፤ ሕመም የማይሰማው እጅ ደግሞ የጋለ ድስት ይዞ አይለቅም፣ ሲላጥ አያውቅም፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጣት ያልቃል። አንዳንዶቹ ማታ ደህና የነበረ ጣታቸው ጠዋት ተጎድቶ ይገኝ ነበር። ሌሊት ሲጠበቅ ምክንያቱ ታወቀ፤ አይጥ ነው። ተኝተው ሳለ ሲበላቸው አይነቁም። ከዚያ በኋላ ለሕሙማኑ ድመት መስጠት ተጀመረ። ብራንድ ጤነኛ ጅማት እያዛወረ የተኮራመተ እጅ እንዲዘረጋም አድርጓል። አየሽ፣ ሕዝብ ሁሉ እርግማን ነው ብሎ የሸሸውን ቁስል አንድ አማኝ ቁጭ ብሎ መረመረው። ይህ ወንጌል ካልሆነ ምን ልበለው? በማርቆስ 1 ላይ ጌታ ለምጻሙን በቃል ብቻ ማንጻት ሲችል፣ ማንም የማይነካውን ሰው እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው።

ሥራው ወደ እኛም ደርሷል። በ1965 አለርት የሚባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አዲስ አበባ በልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ይኸው ሚሽን ነበር፤ ብራንድም እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ነው።

«ዛሬ በሽታው ይድናል፣ ታዲያ ድርጅቱ ምን ይሠራል?» ብትዪ ልክ ነሽ፣ ይድናል። ከ1982 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የመድኃኒት ጥምረት እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ከ1995 ጀምሮ በነጻ ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። (ክኒኑን ጥሎ በጸሎት ብቻ እንዲጠብቅ የሚመክር አገልጋይ ከገጠመሽ አትስሚው። እየጸለየ ይዋጠው።) ክኒኑ ግን የሞተ ነርቭ አይመልስም። የእግር ቁስል መንከባከብ፣ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ መሥራት፣ እጅ ማስተካከል፣ የተገፋን ሰው ወደ ቤቱ መመለስ ይቀራል። ሕጉም ነበር። ሕንድ ውስጥ በ1898 የወጣው፣ ሕሙማንን ለይቶ ለማቆየት የሚፈቅደው ሕግ የተሻረው በ2016 ነው። በሽታው ለፍቺ ምክንያት መሆኑ የቀረውም በ2019። ሚሽኑ እነዚህን ሕጎች ለማስቀየር ከተሟገቱት መካከል ነው።

ጓደኛሽ ስብከት ይኑር ማለቷን አልቃወምም። የሚያክም አማኝ ለምን እንደሚያክም ቢጠየቅ ክርስቶስን ይናገር፤ ሊያፍርበት አይገባም። ግን በሽተኛው ሳይሰማም፣ ሰምቶ እምቢ ቢልም፣ ያው አልጋና ያው መድኃኒት ይገባዋል።

ከመስጠትሽ በፊት ይህንኑ ጠይቂ፤ የሌላ እምነት ሰዎችን እንዴት ነው የሚያክሙት? ሕክምናውን ለማግኘት ስብከት መስማት ግዴታ ነው? የገንዘቡ ዘገባስ በየዓመቱ ይወጣል? ለየትኛውም ድርጅት፣ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ላቋቋመውም ቢሆን፣ ይህንኑ ጠይቂ። መልሱ ካረካሽ በየወሩ የምትችይውን መድቢ፤ ወንድምሽንም ዘገባውን አብሮሽ እንዲያነብ ጋብዢው።