ሕመሙ ጋብ ሲል አትመኑት

ለወሎ ወጣቶች፣

ፀጉሬ የሸበተው ደሴ ውስጥ፣ በቀዶ ሕክምና ሥራ ነው። ከደላንታም፣ ከተንታም፣ ከባቲም የመጣ በሽተኛ አክሜያለሁ። ብዙውን ሰው የሚጎዳው ሕመምን በስቃዩ ልክ መመዘኑ ነው። ካላመመው ደህና ነኝ ይላል።

ትርፍ አንጀትን ላንሳ። አብዛኛውን ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ወደ ቀኝ፣ ወደ ታችኛው ሆድ ይወርዳል። ምግብ ያስጠላል፣ ያስመልሳል። ቤተሰቡ "አብሽር፣ ብርድ ነው" ይላል። ማስታገሻ ይገዛል። ኮሶ የሚያጠጣም አለ፤ ይሄ ጭራሽ አይደረግም። ከዚያ ድንገት ሕመሙ ጋብ ሊል ይችላል። ልጁም "ተወኝ" ብሎ ይተኛል። አንጀቱ ግን ፈንድቶ ይሆናል። ሲፈነዳ ውስጡ የታመቀው ግፊት ስለሚቀንስ ነው ፋታ የሚሰጠው። ከሰዓታት በኋላ መግሉ በሆዱ ውስጥ ይሰራጫል፤ ሆዱም እንደ ሳንቃ ይደርቃል። ቀድሞ ቢመጣ በጥቂት ቀን ቤቱ የሚገባው ልጅ፣ አሁን ሆዱ ታጥቦ ለሳምንታት ሊተኛ ነው።

ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል፣ ማንም አልከለከለም። መኪናው ብቻ አይዘግይ።

ኦፕራሲዮን ለሚገባ ሰው ደግሞ ተደብቃችሁ አታጉርሱ። (ይሄ ለእናቶች ነው፤ እናንተ ንገሩልኝ።) ጠጣር ምግብ ከኦፕራሲዮኑ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ሻይ በወተትም እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ላይ መጥቶ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ጫት ተዉ ብል እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ቢያንስ በባዶ ሆድ፣ ከሲጋራና ዲክሎፌናክ ከሚባለው ማስታገሻ ጋር አታድርጉት። ጨጓራው ተበስቶ ወደ እኔ የመጣው አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው።

ጭራሽ የማያመውም አለ። የጡት ካንሰር እብጠት ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሴቶቹም ለዚያ ነው የሚዘገዩት። የማኅፀን በር ካንሰርም ሲጀምር ድምፅ የለውም። ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል። የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ ይቀባል፤ ቦታው ከነጣ ብዙ ጊዜ እዚያው ይታከማል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ለእህቶቻችሁ ደግሞ መከላከያ ክትባቱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ውስጥ አለ። ሲመጣ "ልጅ ያመክናል" የሚለውን ወሬ አትስሙ፤ ውሸት ነው።

የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። 140/90 ደርሶ ምንም ላይሰማ ይችላል። አባቶቻችን "ደህና ነኝ" ብለው ክኒናቸውን ያቆማሉ። ከዚያ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ይመጣሉ።

እናትና አባታችሁን በዚህ ሳምንት ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ግፊታቸው ይለካ። እናንተም ተለኩ። ደሴ ከሆናችሁ ሰኞን ዝለሉት፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋው አይጣል ነው።