ዱሉዝ ከገባሁ ወዲህ ሰውነቴም መንፈሴም ከበደኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለዓመታት ኖሬ ባለፈው ኦገስት በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደ ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ መጣን። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከኖቬምበር ወዲህ ግን ሰውነቴ የኔ አልመስል ብሎኛል። የቱንም ያህል ብተኛ አልጠግብም። ዳቦና ፓስታ ብቻ ያምረኛል፣ ወፍሬያለሁ። ዳሌዬንና ጭኔን ያመኛል፣ ደረጃ መውጣት ይከብደኛል። ሌሊት ቆዳዬ ያሳክከኛል። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ግን ፀጉሬን ሳይጠይቅ የሚነካ አይጠፋም። ቤት ስገባ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ክሊኒክ ሄጄ ደም ስሰጥ «ነጭ የደም ሴልሽ አንሷል» ብለው ወደ ደም ስፔሻሊስት ላኩኝ። ካንሰር ነው ብዬ ፈርቻለሁ። እናቴ በስልክ «ብርድ መቶሽ ነው» ትላለች። ባለቤቴ «ናፍቆት ነው፣ ያልፍልሻል» ይላል። ጾም እጾማለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እናትዎም ባለቤትዎም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ግን የእርስዎ ችግር አንድ ብቻ አይመስለኝም። ሦስት አራት ነገር በአንድ ክረምት ተደራርቦብዎታል። ለየብቻ እንየው።

በጣም ካስፈራዎት ልጀምር። ያነሰው ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት ይመስለኛል። ብዙ ላብራቶሪ ዝቅተኛ ገደቡን በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 1,500 አካባቢ ያደርገዋል። ይህ ገደብ በአብዛኛው የተሠራው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ደም ነው። በቀይ የደም ሴላቸው ላይ ዳፊ የሚባለው ምልክት የሌላቸው ሰዎች አሉ። የእነሱ ኒውትሮፊል በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። ከ1,000 እስከ 1,500 ቢሆን አያስደንቅም። ጤነኞች ናቸው፤ ከሌላው ሰው የበለጠ በኢንፌክሽን አይጠቁም። ይህ ተፈጥሮ ከአንዱ የወባ ዓይነት ስለሚከላከል በአፍሪካ በሰፊው አለ። ኢትዮጵያ ውስጥም ያላቸው ብዙ ናቸው። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ እንደ በሽታ ሲቆጥሩት ኖረዋል። ስንቱ ሰው በከንቱ መቅኔው ተቀድቶ ተመርምሯል!

ስፔሻሊስቱ ጋ አይቅሩ። ግን ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የሜሪላንድ ሐኪምዎን የድሮ የደም ውጤቶችዎን እንዲልኩ ይጠይቁ። ቁጥሩ ከዓመታት በፊትም እንዲሁ ከነበረ ትልቅ እፎይታ ነው። «የዳፊ ምርመራ ይሠራልኝ» ይበሉ፤ ተራ የደም ምርመራ ነው። ቁጥሩ ከ1,000 በታች ከሆነ፣ ወይም ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ያበጠ ንፍፊት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነውና በደንብ ይታይ።

እዚህ ላይ ከጥያቄዎ ትንሽ ልውጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሐኪምዎ በሳምንት ስንት ሐበሻ ያዩ ነበር? ዱሉዝ ወደ 87,000 ሰው ያላት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ነጭ የሆነ ከተማ ናት። አዲሱ ሐኪምዎ እርስዎን የመሰለ ታካሚ በዓመት አንድም ላያዩ ይችላሉ። ጎበዝ አይደሉም ማለቴ አይደለም፤ ዓይናቸው አልለመደም ነው። ስለዚህ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ስንት ቀን እንደሚጾሙ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። ካልነገሯቸው አይጠይቁም።

ወደ አጥንትዎ ልምጣ። የዳሌና የጭን ሕመም፣ ከዚያም ደረጃ ሲወጡ መድከም የቫይታሚን ዲ እጥረትን ያስጠረጥረኛል። ቆዳችን ቫይታሚን ዲን የሚሠራው በፀሐይ ጨረር ነው። ጥቁር ቆዳ ለዚያ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። ዱሉዝ ያለችው ከምድር ወገብ 47 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ነው። በክረምት እዚያ የምትታየው ፀሐይ ታበራለች እንጂ ይህን ሥራ አትሠራም። ጾሙን ሲጨምሩበት ደግሞ ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ቫይታሚን ዲ የሚያገኘው ከተጨመረበት ወተት ነው፣ በአንድ ብርጭቆ ወደ 100 ዩኒት። ጾመ ነቢያት ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ገና ድረስ ነው፤ ጨለማው የሚበረታበት ወቅት። ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ይመጣል፣ ሌላ 55 ቀን። ጾምዎን ይተዉ አልልም። ቫይታሚን የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወይም የአጃ ወተት ይግዙ፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። በቀን 600 ዩኒት ለጤነኛ አዋቂ የተመከረው መጠን ነው። በራስዎ ውሳኔ ከ4,000 አይለፉ። የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ ያሠሩ፤ እጥረት ካሳየ ሐኪሙ ለጊዜው ከፍ ያለ መጠን ያዝዙልዎታል።

በዚያው ደም ቫይታሚን ቢ12፣ የብረት ክምችት (ፌሪቲን ይበሏቸው) እና የታይሮይድ ምርመራ ያሠሩ። እርግዝናም ይታይ። ታይሮይድ ሲደክም እንቅልፍ ያበዛል፣ ያወፍራል፣ ቆዳ ያደርቃል፣ ያስከፋል። የጻፉልኝን ግማሹን ብቻውን ሊያመጣ ይችላል። «ናፍቆት ነው» ብሎ ማለፍን የማልወደው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በየዩቲዩቡ «ቫይታሚን ዲ ድብርትን ያጠፋል» የሚሉ አሉ። በ2020 የወጣ፣ ከ18,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ቫይታሚኑ ድብርትን እንደማይከላከል አሳይቷል። ለአጥንትዎ ይውሰዱት። ለስሜትዎ ሌላ መፍትሔ አለ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው አካል ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን ለምዷል። ዱሉዝ በዲሴምበር መጨረሻ ቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሜሪላንድም ክረምት አለ፣ ይህን ያህል ግን አይጨልምም። እንቅልፍ መብዛት፣ ዳቦና ጣፋጭ ማማር፣ መወፈር፣ ማልቀስ፤ እነዚህ ኖርማን ሮዘንታል የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1984 የጻፉለት የክረምት ድብርት ምልክቶች ናቸው። በሥርዓቱ ስሙን ለመስጠት ሁለት ክረምት ተከታትሎ መታየት አለበት። ለማከም ግን ሁለተኛውን ክረምት መጠበቅ አያስፈልግም።

የብርሃን ሕክምና አለ። 10,000 ሉክስ የሚል፣ አልትራቫዮሌት የሌለው የጠረጴዛ መብራት ይግዙ። ጠዋት እንደተነሡ ቁርስ ሲበሉ ፊትዎ አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ያስቀምጡት፣ ለ30 ደቂቃ። አይፍጠጡበት። በየቀኑ ካደረጉት በአንድ ሁለት ሳምንት ለውጥ ይጀምራል። ማታ አይጠቀሙበት፣ እንቅልፍ ያዛባል። የዓይን ሕመም ካለብዎ፣ ወይም ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ችግር በእርስዎ ወይም በቤተሰብ ካለ፣ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። በምሳ ሰዓትም ይውጡ። ደመናማ የክረምት ቀን እንኳ ከቢሮ መብራት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ለዚህ ጥሩ ነው። መብራቱ ብቻ ካልበቃ የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም አለ። የዚህ ዓይነቱን ድብርት ለመከላከል ቡፕሮፒዮን የሚባለው መድኃኒት በአሜሪካ በ2006 ተፈቅዷል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር። መብራቱ ጨለማውን ያክማል፣ ብቸኝነቱን አያክምም። በመሥሪያ ቤት ብቸኛ ጥቁር ሆኖ መዋል ያደክማል። ሰው ሁሉ የሚያይዎት፣ አንድ ስህተት ቢሠሩ ለሁሉም ሐበሻ የሚቆጠር እየመሰለዎት ቀኑን ሙሉ ተወጥረው ይውላሉ። ቤት ሲገቡ የሚያለቅሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ ይህ ራሱ ነው። ፀጉርን በተመለከተ አንዴ በፈገግታ፣ ግን ጠንከር ብለው «እንዲነካ አልፈልግም» ይበሉ። ከዚያ በኋላ ከቀጠለ ጉዳዩ የአለቃዎ ነው። የደም ግፊትዎንም ቤት ውስጥ ይለኩ፤ ጭንቀት የሚደበቅበት ቦታ ነው።

«ጓደኛ አብዢ» የሚል ምክር አልሰጥም። አማርኛ የሚያወሩበት ቀን ግን ያስፈልግዎታል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ወደ 250 ኪሎ ሜትር ናቸው፣ መንገዱ ደኅና ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል። ቤተ ክርስቲያኑም፣ እንጀራውም፣ ፀጉር የሚሠሩልዎትም እዚያ አሉ። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ቀን ቆርጣችሁ ያዙ፣ «ሲመቸን» አትበሉ። ባለቤትዎም ይህን እንደ ሕክምና ይቁጠሩት። በቪዲዮ የሚያክም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሲፈልጉ ደግሞ የሚኒሶታ ፈቃድ ያለውን ይፈልጉ። የሜሪላንዷ ባለሙያ የሚኒሶታ ፈቃድ ከሌላት እርስዎን ዱሉዝ ሆነው ማከም ላትችል ትችላለች። አማርኛ ተናጋሪ የማግኘት ዕድልዎ ሚኒያፖሊስ አካባቢ ይሻላል።

ቆዳውን ባጭሩ ልበል። ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል። በሞቀ ሳይሆን ለብ ባለ ውኃ በፍጥነት ይታጠቡ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀቡ፣ ሽታ ያለው ሳሙና ይተዉ። በሁለት ሳምንት ካልተሻለ ያሳዩ።

ብርዱን አይናቁት። በአሜሪካና በእንግሊዝ ወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ጣቶቻቸው በብርድ ለመጎዳት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። በጥቁር ቆዳ ላይ የቀለም ለውጡ ቶሎ አይታይም። ስለዚህ ዓይንዎን ሳይሆን ስሜትዎን ይመኑ፤ ጣትዎ ከደነዘዘ ይግቡ። አይሹት፣ እሳት ላይም አያሙቁት። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይክተቱት፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ወደ ሐኪም።

ቡና የሚያፈሉት በከሰል ከሆነ ደግሞ፣ እባክዎን ያቁሙ። የሚኒሶታ ቤት በክረምት ድፍን ነው። የከሰል ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ሽታ የለውም፣ ቤተሰብ በሙሉ ይገድላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠቀሙ፣ እጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ያጭሱ። መኝታ ክፍልዎ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ዛሬውኑ ይዩ፤ የስቴቱ ሕግም ያስገድዳል። ቡናውንም ቀደም ያድርጉት። ስለጨለመ መሸ እንዳይመስልዎት፣ ማታ ሦስት ስኒ ጠጥቶ ጥሩ እንቅልፍ የለም።

ሐኪም ጋ ሲገቡ እንግሊዝኛዎ ጥሩ ቢሆንም ስለ ሐዘን ማውራት በአማርኛ ይቀላል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። ባለቤትዎ አያስተርጉሙ፤ በእሳቸው ፊት የማይናገሩት ነገር ሊኖር ይችላል።

መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎት ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌትም ቀንም 988 ይደውሉ።

የደም ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሮቹን ይላኩልኝ። በፀደይ ደግሞ ጫካ መሄድ ከጀመሩ ስለ መዥገር አስታውሱኝ በሉ። መዥገር የሚያስተላልፈው ላይም የሚባለው በሽታ ሚኒሶታ ውስጥ አለ። ምልክቱ መጽሐፍ ላይ ቀይ ቀለበት ነው፣ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ በለዝ የመሰለ ጥቁር ነገር ሆኖ ይታያል። ያኔ ሰፋ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።