ቼኩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ጠየቀኝ። ለአንድ ትልቅ ድርጅት የማሸጊያ ካርቶን አቅርቧል። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ለመክፈል ስንት ቀን ነው የሚፈጅባቸው?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ፋይናንስ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መልሱ አይጠፋኝም። ግን ዝም አልኩ። አንዲት ሴት ትዝ ብላኝ ነው።

1998 ዓ.ም. ነው። የምሠራበት ድርጅት ለሠራተኞቹ 240 ቱታ አሰፋ። የሰፋችው ሁለት የልብስ ስፌት መኪና ብቻ ያላት ሴት ናት። በቀኗ አስረከበች። አንዱ በ110 ብር ሒሳብ 26,400 ብር መጣ። 15 በመቶ ቫት ተጨመረ፣ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ለመንግሥት ቀድሞ የሚይዘው ግብር) ተቆረጠ፤ ቼኩ 29,832 ብር ሆነ። ቁጥሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውሉ በ30 ቀን ይከፈላል ይላል።

ወረቀቱ አልዘገየም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስቶር ተረክቧል፣ ግዢ ክፍል አይቶታል፣ ቼኩም በ26ኛው ቀን ሁለት ፊርማ አርፎበታል። አለቃዬ ግን «ወር ሳይዘጋ እንዳታወጣ» አለኝ። ኦቨርድራፍት ላይ ነበርን፤ ሒሳባችን ካለው በላይ ከባንክ እየወሰድን። ቼኩን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ወሩ ሲዘጋ ደግሞ «ሩብ ዓመቱ ይዘጋ» አለ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ደረሰኟን በፌስታል ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። «ፈራሚው ፊልድ ወጥቷል» እላታለሁ። ፈራሚው ከግድግዳው ወዲያ ሻይ እየጠጣ ነው። ሳቁ ይሰማል። እሷም ትሰማለች።

በ74ኛው ቀን ቼኩን ሰጠኋት። መዝገቡ ላይ እየፈረመች ነው የነገረችኝ፤ 3,960 ብር ቫት ካልተቀበለችው ገንዘብ ላይ ከኪሷ ከፍላለች። ደረሰኝ ከቆረጥክ ቫቱ በሚቀጥለው ወር ይፈለጋል፤ ገዢው ይክፈልህ አይክፈልህ ማንም አይጠይቅህም። ጨርቁን ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ ስለገዛች ከዚህ ቫት ላይ የምታቀናንሰው አልነበራትም። ቫት እንድትመዘገብ ያስገደድናት ደግሞ እኛው ነን። ቫቱን ለመክፈል ብላ አንዷን የስፌት መኪና ሸጣለች። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ወጣች።

ዓመቱ ሲዘጋ ቦነስ ተሰጠኝ። ለልጄ ብስክሌት ገዛሁበት። ቀይ ነበር። አሁን ልጁ ካናዳ ነው፤ ብስክሌቱ ግን ሰርቪስ ቤት ውስጥ ዝጎ ቆሟል፤ ባለቤቴ ለቆራሌው ስጠው ትላለች።

እናም ስንት ቀን ይፈጃል ላልከኝ፣ ሥራው ራሱ ሳምንት አይሞላም። የቀረው መሳቢያ ነው።

የዛሬ ልጆች ውሉን ሳታነቡ ሎጎ ታሠራላችሁ። የክፍያው ቀን የሚቆጠረው «ከርክክብ በኋላ» የሚለውና «ደረሰኝ ከገባ በኋላ» የሚለው አንድ አይደለም። ስቶር የፈረመበትን የርክክብ ወረቀት ኮፒ ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ። ሕጉማ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገንዘብ ለመክፈል በዘገየ ሰው ላይ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ያስባል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም አቅራቢ ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለተኛ አንገዛውም ነበር።

አትለማመጡ ልላችሁ ፈልጌ ነበር። ገንዘባችሁ ነውና። ግን መሳቢያውን ስከፍት ቀድሞ የሚወጣው ወንበሬ ላይ መጥቶ የተቀመጠው ሰው ቼክ ነበር። ስልክ የሚደውለው ይቆያል። በቴሌግራም «ሰላም፣ ክፍያዬ?» የምትሉትማ! ስለዚህ ሂዱ። ፀሐፊዋን በስሟ ጥሩ።

አንተ የካርቶኑ ልጅ፣ ውልህንና የርክክብ ወረቀቱን ይዘህ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ና። አብረን እናየዋለን። ቼኩ ማን ጋ እንደተቀመጠ ሳልገምት አልቀርም።