የኪሮሽ ጥያቄዎቻችሁ፦ ቀለም ስንቀይር

ሰሞኑን ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱኝ የኪሮሽ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ክር ስለመቀየር ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ። «ዓይን» የምለው በኪሮሽ የምንሠራትን እያንዳንዷን ጥልፍልፍ ነው፤ «ቀለበት» ደግሞ ኪሮሹ ላይ የሚንጠለጠለውን ክር።

«ነጩን ጨርሼ ሰማያዊ ስጀምር የመጀመሪያዋ ዓይን ግማሽ ነጭ ግማሽ ሰማያዊ ትሆናለች። የት ነው የተሳሳትኩት?» (ከከዚራ)

ክሩን የምትቀይሪው ዘግይተሽ ነው፣ እህቴ። አንዲት ዓይን ሲያልቅ ኪሮሹ ላይ የሚቀረው ቀለበት የሚቀጥለው ዓይን አናት ይሆናል። ነጯን ዓይን እስከ መጨረሻው በነጭ ከዘጋሻት፣ ሰማያዊዋ ነጭ አናት ይዛ ትወለዳለች።

ስለዚህ የመጨረሻዋን ነጭ ዓይን አትዝጊያት። ኪሮሹን አስገቢ፣ ነጩን ክር ስበሽ አውጪ፤ አሁን ሁለት ቀለበት አለሽ። እዚህ ላይ ነጩን ልቀቂና ሰማያዊውን አንሺ፣ በእሱም ሁለቱን ቀለበት በአንድ ጊዜ ስበሽ እለፊ። የምትሠሪው ረጅሙን ዓይን ከሆነ፣ ማለትም ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ ጠምጥመሽ የምትጀምሪውን፣ መጀመሪያ ሦስት ቀለበት ይኖርሻል። ሁለቱን በነጩ ዝጊ፤ ሁለት ቀለበት ብቻ ሲቀር ወደ ሰማያዊው እለፊ። ዓይኑ ምንም ያህል ቢረዝም የመጨረሻው መሳብ በአዲሱ ክር ነው። መስመር ጫፍ ላይም ስትደርሺ እንዲሁ፦ የመጨረሻዋን ዓይን በአዲሱ ክር ዘግተሽ ከዚያ ሥራውን ታዞሪያለሽ።

ከሁለቱም ክር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭራ ተዪ። አዲሱ ቀለበት መጀመሪያ ላይ መላላቱ አያስደንግጥሽ፤ ሁለት ሦስት ዓይን ከሠራሽ በኋላ ጭራዎቹን ቀስ አድርገሽ ስትስቢ ይጠብቃል።

«ለልጄ ብርድ ልብስ በሁለት ቀለም እየሠራሁ ነው። በየመስመሩ ክር ስቆርጥ ጭራው በዛብኝ።» (ከሳቢያን)

አትቁረጪ። እያንዳንዱን ቀለም ሁለት ሁለት መስመር ከሠራሽው ክሩ ሁልጊዜ ወደ ጀመርሽበት ጠርዝ ስለሚመለስ፣ ተራው ሲደርስ ከሥር በጠርዙ በኩል ታነሺዋለሽ። ስታነሺው ግን አታጥብቂው፤ ከጠበቀ ጠርዙ ይጨማደዳል። አንድ አንድ መስመር የግድ ከፈለግሽ ሦስተኛ ቀለም ጨምሪበት። ሦስት ቀለም በአንድ አንድ መስመር ሲፈራረቅ፣ ተራው የደረሰው ክር ምንጊዜም አንቺ ባለሽበት ጠርዝ ይጠብቅሻል። በጎን የወጣውን ክር መጨረሻ ላይ ዙሪያውን በምትሠሪው ጠርዝ ሸፍኚው።

«የእናቴን የስፌት ንድፍ በኪሮሽ ማውጣት እፈልጋለሁ። ቀይና ነጭ ነው፤ ከመሐል እንደ አበባ የሚበተን። ይቻላል?» (ከሐረር ጀጎል)

ይቻላል፤ ከደረሱኝ ጥያቄዎች በጣም ደስ ያሰኘኝም ይኼ ነው። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚደረደረው ስፌትና የኪሮሽ ክብ አሠራራቸው ይቀራረባል፤ ሁለቱም ከመሐል ተነሥተው በዙር ይሰፋሉ።

በአጭሩ ዓይን፣ ማለትም ክሩን አስቀድመሽ ኪሮሹ ላይ ሳትጠመጥሚ በምትጀምሪው፣ ሥሪው። በ6 ዓይን ትጀምሪና በየዙሩ 6 ትጨምሪያለሽ፦ 12፣ 18፣ 24 እያለ በአሥረኛው ዙር 60 ይደርሳል። ክቡ በራሱ ስድስት እኩል ክፍል አለው ማለት ነው፤ ሦስቱን ቀይ፣ ሦስቱን ነጭ አድርጊ። በሦስተኛው ዙር እያንዳንዱ ክፍል 3 ዓይን፣ በአሥረኛው 10 ዓይን ይኖረዋል። ካሬ ወረቀት ላይ አስቀድመሽ ብትሥይው አትሳሳቺም።

የማትሠሪበትን ክር ደግሞ በታችኛው ዙር አናት ላይ አጋድመሽ፣ በላዩ ላይ እየሠራሽ ሆዱ ውስጥ ትደብቂዋለሽ። በየጥቂቱ ዓይን ቀስ አድርገሽ ሳቢው፤ ከላላ ፊት ላይ ብቅ ይላል። ቀዩ በነጩ ውስጥ እንዳያሳይ ከወትሮው ቀጠን ያለ ኪሮሽ ይዘሽ አጥብቀሽ ሥሪ። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ በዙር ስትሠሪ ዓይኖቹ በየዙሩ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ስለሚያዘሙ (በግራ እጅ ለምትሠራ ወደ ግራ) ቀጥ ያለ መስመር ጠመዝማዛ ሆኖ ይወጣል። ለእኔ አበባው እንዲያውም በዚህ ያምርበታል። ክር የተደበቀበት ሥራ ወፍራምና ደረቅ ይሆናል፤ ለግድግዳም ለረከቦት ምንጣፍም ተስማሚ ነው፣ ለልጅ ልብስ ግን አይሆንም።

«ለአባቴ ኮፊያ እየሠራሁ፣ ቀለም የቀየርኩበት ቦታ እንደ ደረጃ ይሰበራል።» (ከመጋላ)

ዙሩን ሳትዘጊ እየቀጠልሽ ስለሆነ አዲሱ ዙር ከአሮጌው ከፍ ብሎ ይጀምራል። የአዲሱን ቀለም የመጀመሪያ ዓይን ሙሉ አትሥሪው፤ ኪሮሹን አስገብተሽ ክሩን በቀጥታ በቀለበቱ ውስጥ ስበሽ እለፊ። ከፍታ ስለሌለው ደረጃው ይለዝባል። በሚቀጥለው ዙር እንደ ማንኛውም ዓይን ሥሪበት።

«አክስቴ ሁለቱን ክር ቋጥረሽ ቁረጪው ትለኛለች። ልክ ናት?» (ከድሬዳዋ)

አክስትሽን ሳላስቀይም፣ እኔ ቋጠሮ አልወድም። አክሪሊክ ክር ስለሚንሸራተት አጥብቀሽ ብትቋጥሪውም በእጥበት ብዛት ይላላል፤ አጠር ተደርጎ ከተቆረጠ ደግሞ የሚያዝ ጫፍ አይኖርም። ቋጠሮው ራሱም ወደ ፊት ብቅ ማለት ይወዳል። ጭራውን በትልቅ መርፌ ከራሱ ቀለም ዓይኖች ሥር አሳልፊው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከሄድሽ በኋላ አንድ ክር ዘለሽ ወደ ኋላ ተመለሺ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ ክር ልብሱ ሲለጠጥ ይወጣል። ይህ ሥራ እንደሚሰለች አውቃለሁ፤ ሁሉንም ለመጨረሻ አታከማቺው፣ በየጥቂቱ መስመር ጨርሺው።

«ከታይዋን ገበያ ሁለተኛ ጊዜ የገዛሁት ቢጫ ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም።» (ከድሬዳዋ)

አንዱ ከሌላው ጋር በአንድ ጊዜ የተነከረ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የቀለም መለያው አጠገብ የንክር ቁጥር የሚታተምባቸው ክሮች አሉ፤ ያ ቁጥር አንድ መሆኑን እያያችሁ ለሥራው የሚበቃውን በአንዴ ግዙ። አሁን ለተፈጠረው፣ አሮጌውንና አዲሱን ሁለት ሁለት መስመር እያፈራረቅሽ ጥቂት ብትሄጂ ልዩነቱ ዓይን አይስብም።

«የሠራሁት የሶፋ ልብስ ሲታጠብ ቀዩ ነጩን አበላሸው። ኮምጣጤ ይይዘዋል ይባላል።» (ከሐረር)

የጥጥ ክር ከሆነ፣ እትዬ፣ ኮምጣጤ ቀለሙን አይዝልዎትም። አሁን ዋናው ነገር እንዳይደርቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ አይተኩሱት። በብዙ ቀዝቃዛ ውኃና ሳሙና ይዘፍዝፉት፤ ውኃው በቀላ ቁጥር ይቀይሩ። ለወደፊቱ ግን ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ገዝተው ከነጭ ጋር ከማጣመርዎ በፊት ትንሽ ቆርጠው ያርጥቡና በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩት። ጨርቁ ከቀላ፣ ክሩን ፈተው ውኃው እስኪጠራ ደጋግመው ይጠቡት፤ ሥራውን ከዚያ ይጀምሩ።